ኃይሉ የት ገባ? ጽሑፍን በራሳችሁ ሕግ ሶርት የማድረግ ዝርዝር መመሪያ

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ረጅም የስም ዝርዝር ሶርት አድርጌ፣ ማለትም በፊደል ተራ ደርድሬ፣ አስረከብኩ። ኮዱ አንድ መስመር ነበር፤ ደቂቃ አልፈጀብኝም። በሳምንቱ ተደወለልኝ። «ኃይሉ የሚባለው ሰው ጠፍቷል» አሉኝ። ጠፍቶስ አልነበረም። መዝጋቢዋ «ሀ» ላይ ሄዳ ፈልጋዋለች፣ «ሐ» ላይም ፈልጋዋለች፣ ስታጣው ጊዜ አዲስ ሰው ነው ብላ እንደገና መዝግባዋለች። ኃይሉ ግን ከ«ቸ» በታች፣ ከ«ነ» በላይ ቁጭ ብሎ ነበር።

ኮዱ ስህተት የለበትም። ሶርት የሚያደርገው ፈንክሽን (አንድ ሥራ የሚሠራ የኮድ ቁራጭ) የሚያውቀውን ሠርቷል። የምንፈልገውን ሕግ ያልነገርኩት እኔ ነኝ። ይህ መመሪያ ያንን ሕግ እንዴት እንደምትነግሩት ነው። ኮዱን በአማርኛ ነው የምጽፈው፤ ሐሳቡ ከገባችሁ ወደ ፓይተንም ሆነ ወደ ጃቫስክሪፕት መመለሱ ቀላል ነው።

ኮምፒውተሩ የሚያየው ምንድን ነው?

ለኮምፒውተር ፊደል ቁጥር ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ (ለየቋንቋው ፊደል ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሰንጠረዥ) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 ስሪት ሲሆን «ሀ» 4608 ተሰጠው። «ለ» 4616 ነው፣ «ሐ» 4624፣ «መ» 4632። በስምንት በስምንት የሚዘለው ለእያንዳንዱ ፊደል ስምንት ቦታ ስለተያዘለት ነው። ሰባቱ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ላሉት ናቸው። ስምንተኛው እንደ «ሏ» ላሉት ዲቃላዎች ነው።

ሁለት ስትሪንጎች (ተከታትለው የተጻፉ ፊደሎች) ሲወዳደሩ መጀመሪያ የፊተኛ ፊደሎቻቸው ቁጥር ይታያል። ትንሹ ይቀድማል። እኩል ከሆኑ ወደ ሁለተኛው ፊደል ይኬዳል። አንዱ ቀድሞ ካለቀ አጭሩ ይቀድማል። በቃ፣ ይኸው ነው። ድምፅ አያውቅም፣ ትርጉም አያውቅም።

እነዚህን አሥር ቃላት ያለ ምንም ሕግ ሶርት ብታደርጉ የሚመጣው ይህ ነው፦

    ሀይሉ
    ሐይሉ
    ሠናይት
    ሰላም
    ኃይሉ
    አለሙ
    አበበ
    ዓለም
    ጸጋዬ
    ፀሐይ

«ኃ» 4739 ስለሆነ ከ«ሰ» በኋላ ወረደ። «ዓ» 4819 ስለሆነ «ዓለም» ከ«አበበ» በታች ሆነ። የላቲን ፊደልም የራሱ ጣጣ አለው። ትልልቆቹ ከ65 እስከ 90፣ ትንንሾቹ ከ97 እስከ 122 ናቸው። ስለዚህ በትልቁ ዜድ የሚጀምር ቃል በትንሹ ኤ ከሚጀምር ቃል ይቀድማል። አሃዞች ከ48 እስከ 57 ናቸው። ክፍት ቦታ ደግሞ 32 ነው፤ ከሁሉም ይቀድማል። ይህችን ክፍት ቦታ አስታውሷት፤ በኋላ ታስቸግረናለች።

1. ሕጉን መጀመሪያ በአማርኛ ጻፉት

ኮድ ሳትከፍቱ ወረቀት ያዙ። ቀልድ አይደለም። ብዙ ሰው ቀጥታ ፈንክሽን መጻፍ ይጀምርና መሐል ላይ ሐሳቡን ይቀይራል። ውጤቱ ማንም የማያነበው የ«ከሆነ» እና «ካልሆነ» ክምር ነው።

የእኔ የስም ዝርዝር ሕግ በመጨረሻ ይህን መሰለ፦

- ድምፃቸው አንድ የሆኑ ፊደሎች እንደ አንድ ይቆጠሩ።
- በጽሑፉ ውስጥ ያለ ቁጥር እንደ ቁጥር ይነበብ።
- ክፍት ቦታና ሁለት ነጥብ አይቆጠሩ።
- ይህ ሁሉ ታይቶ እኩል ከሆኑ፣ ዋናው ጽሑፍ እንዳለ ይወስን።

የመጨረሻዋ መስመር ትንሽ ትመስላለች፤ አትዝለሏት። እሷ ከሌለች «ሀይሉ» እና «ሐይሉ» እኩል ናቸው። ማን እንደሚቀድም በዕድል ይሆናል። ዛሬ አንዱ፣ ነገ ሌላው ይቀድማል። «ሊስቱ ራሱን እየቀየረ ነው» የሚል ስልክ የሚመጣው ያን ጊዜ ነው።

2. ማወዳደሪያ ሳይሆን ቁልፍ ሥሩ

ለሶርት ሕግ የምንነግርባቸው ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ማወዳደሪያ ፈንክሽን ነው። ሁለት ነገሮችን ትሰጡታላችሁ፤ የትኛው እንደሚቀድም ይነግራችኋል። ሁለተኛው ቁልፍ ነው። አንድ ነገር ትሰጡታላችሁ፤ በምትኩ ለማወዳደር ብቻ የሚያገለግል ሌላ እሴት ይመልሳል። ከዚያ ሶርቱ ዋናዎቹን ትቶ ቁልፎቹን ያወዳድራል።

እኔ በተቻለኝ መጠን ቁልፍ ነው የምመርጠው። አንዱ ምክንያት ፍጥነት ነው። አንድ ሚሊዮን መስመር ሶርት ማድረግ 20 ሚሊዮን ገደማ ንጽጽር ይፈልጋል። ጽሑፉን የሚያጸዳው ሥራ ማወዳደሪያው ውስጥ ከሆነ፣ በእያንዳንዱ ንጽጽር ሁለቴ ይሠራል፤ 40 ሚሊዮን ጊዜ ማለት ነው። በቁልፍ ግን ለአንድ መስመር አንዴ፣ በድምሩ አንድ ሚሊዮን ጊዜ ብቻ ነው።

ሌላውና የሚበልጠው ምክንያት ግን ቁልፍ በቀላሉ አይበላሽም። ቁልፎቹ ተራ ጽሑፍ ወይም ቁጥር ስለሆኑ ቅደም ተከተላቸው እርስ በርሱ አይጣረስም። ማወዳደሪያ ፈንክሽን ሲጣረስ ምን እንደሚመጣ ታች ላይ አሳያችኋለሁ።

ፓይተን ላይ ይህ «ኪይ» የሚባለው ነገር ነው። እንዲያውም ፓይተን 3 የድሮውን የማወዳደሪያ አማራጭ ከሶርት አውጥቶ ጥሎታል። የግድ ለሚያስፈልገው ሰው «ሲኤምፒ ቱ ኪይ» የሚባል መሸጋገሪያ ተትቶለታል። ጃቫስክሪፕት በተቃራኒው ማወዳደሪያ ብቻ ነው የሚቀበለው። እዚያ ስትሠሩ መጀመሪያ ቁልፎቹን አስልታችሁ ከየመስመሩ ጋር አጣምሩ፣ በቁልፉ ሶርት አድርጉ፣ ከዚያ ቁልፉን ጣሉት።

3. ሞክሼ ፊደሎችን አንድ ማድረግ

የኃይሉ መድኃኒት እዚህ ጋ ነው። የዩኒኮድ ሰንጠረዥ በሥርዓት ስለተደረደረ ፊደል በፊደል የሚቀይር ረጅም ሰንጠረዥ መጻፍ አያስፈልግም። መደመርና መቀነስ ይበቃል፦

    ፈንክሽን አንድ_አድርግ(ጽሑፍ)
      ለእያንዳንዱ ፊደል
        ቁ = የፊደሉ የዩኒኮድ ቁጥር
        ቁ ከ4624 እስከ 4630 ከሆነ፦ 16 ቀንስ
        ቁ ከ4736 እስከ 4742 ከሆነ፦ 128 ቀንስ
        ቁ ከ4640 እስከ 4646 ከሆነ፦ 16 ደምር
        ቁ ከ4816 እስከ 4822 ከሆነ፦ 48 ቀንስ
        ቁ ከ4928 እስከ 4934 ከሆነ፦ 8 ቀንስ
        አሁን ቁ 4611 ከሆነ፦ 4608 አድርገው
        አሁን ቁ 4771 ከሆነ፦ 4768 አድርገው
        በቁ ያለውን ፊደል ወደ ውጤቱ ጨምር
      ውጤቱን መልስ

የመጀመሪያው መስመር ሐመሩን «ሐ» ወደ «ሀ» ይወስደዋል። ሁለተኛው ብዙኃኑን «ኀ» እዚያው ያመጣዋል። ሦስተኛው ንጉሡን «ሠ» ወደ እሳቱ «ሰ» ያዞረዋል። አራተኛው «ዐ»ን ወደ «አ»፣ አምስተኛው «ፀ»ን ወደ «ጸ»። መጨረሻ ላይ ያሉት ሁለቱ «ሃ» እና «ሀ»ን፣ «ኣ» እና «አ»ን ያስታርቃሉ። እነሱ የግድ መጨረሻ ይሁኑ። «ኃ» መጀመሪያ «ሃ» መሆን አለበት፤ ከዚያ ነው «ሀ» የሚሆነው። ቅደም ተከተሉን ብታዛቡ «ኃይሉ» መንገድ ላይ ይቀራል።

ክልሎቹ ሰባት ሰባት ብቻ መሆናቸውን ልብ በሉ። ስምንተኛው ቦታ ላይ ያሉት ዲቃላዎች ሁሉም ቤት ለቤት አይገጥሙም። ዳታችሁ ውስጥ «ሗላ» እና «ኋላ» የሚምታቱ ከሆነ 4631ን ወደ 4747 በእጅ ቀይሩት። «ኸ»ን እኔ አልነካውም። ቢነካ ይሻላል የሚል ሰው አለ፤ ከዳታው ጋር መክሮ ይወስን።

አሁን ያው ዝርዝር በዚህ ቁልፍ ሶርት ሲደረግ፦

    ሀይሉ
    ሐይሉ
    ኃይሉ
    ሰላም
    ሠናይት
    አለሙ
    ዓለም
    አበበ
    ፀሐይ
    ጸጋዬ

ሦስቱ ኃይሉዎች ጎን ለጎን ሆኑ። «ፀሐይ»ም ከ«ጸጋዬ» በላይ ወጣች፤ ምክንያቱም አሁን የሚወስነው ሁለተኛው ፊደል ነው፣ «ሀ» ደግሞ ከ«ጋ» ይቀድማል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ቁልፉ ለማወዳደር ብቻ ነው። ወደ ዳታችሁ መልሳችሁ እንዳትጽፉት። «ድኅነት» መዳን ነው፣ «ድህነት» ማጣት። ቁልፉ ውስጥ አንድ ቢሆኑ ችግር የለም፤ ተከታትለው ይቀመጣሉ። ዳታው ውስጥ አንድ ካደረጋችኋቸው ግን መዳንን ወደ ማጣት ቀየራችሁት። ዋናውን ጽሑፍ ያስገባው ሰው እንደጻፈው ተዉት።

4. በጽሑፍ ውስጥ ያለ ቁጥር

ይህን ያላየ ሰው የለም፦

    ምዕራፍ 1
    ምዕራፍ 10
    ምዕራፍ 11
    ምዕራፍ 2

ጽሑፍ ሲወዳደር አሃዝ በአሃዝ ነው። የ10 መጀመሪያ 1 ነው፤ 1 ከ2 ይቀድማል፤ አለቀ። ጃቫስክሪፕት ላይ ንጹህ ቁጥሮችን ብቻ የያዘ ሊስት እንኳ ያለ ማወዳደሪያ ሶርት ብታደርጉ 10 ከ9 ይቀድማል። ሶርቱ ቁጥሮቹን ወደ ጽሑፍ ቀይሮ ስለሚያወዳድር ነው።

ሁለት መፍትሔ አለ። አንደኛው ጽሑፉን ወደ ክፍልፋይ መቁረጥ ነው፦ «ምዕራፍ» አንድ ክፍል፣ 10 ሌላ ክፍል። ከዚያ ጽሑፉን እንደ ጽሑፍ፣ ቁጥሩን እንደ ቁጥር ማወዳደር። ንጹህ መንገድ ነው። ችግሩ አንዱ መስመር በቁጥር፣ ሌላው በፊደል ሲጀምር ነው። ፓይተን 3 ቁጥርን ከጽሑፍ ጋር አወዳድር ስትሉት ስህተት ወርውሮ ይቆማል። ስለዚህ እያንዳንዱ ክፍል ፊት ምልክት ይቀመጣል፦ ለቁጥር 0፣ ለጽሑፍ 1። ምልክቱ ቀድሞ ስለሚወዳደር ሁለቱ ዓይነቶች ፊት ለፊት አይጋጠሙም።

ሁለተኛው ደግሞ የሰነፍ መንገድ ነው። እኔ የምጠቀመው እሱን ነው። ቁልፉ ውስጥ ያለውን ቁጥር ሁሉ ከፊቱ ዜሮ እየጨመራችሁ አሥር አሃዝ አድርጉት። «ምዕራፍ 2» በቁልፉ ውስጥ «ምዕራፍ 0000000002» ይሆናል፣ «ምዕራፍ 10» ደግሞ «ምዕራፍ 0000000010»። ቁልፉ ተራ ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል፤ በየትኛውም ቋንቋ፣ በየትኛውም ዳታቤዝ ይሠራል። ከአሥር አሃዝ የረዘመ ቁጥር ካላችሁ ስፋቱን ጨምሩ። አስርዮሽና ኔጌቲቭ ቁጥር ካለ ግን ይህ ብልሃት አይበቃም፤ ወደ መጀመሪያው ተመለሱ።

የግዕዝ ቁጥር ያለበት ዳታ ለሚገጥማችሁ ደግሞ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ከ፩ እስከ ፻፺፱ ድረስ ያለ ምንም ሕግ በትክክል ሶርት ይሆናል! ፲ የራሱ ምልክት ስላለውና ቁጥሩም ከ፱ ስለሚበልጥ «10 ከ2 ይቀድማል» የሚለው ጣጣ የለም። የሚበላሸው 200 ላይ ነው። ፪፻ የሚጀምረው በ፪ ስለሆነ ሄዶ ፪ እና ፫ መሐል ይገባል። ትንሽ ዳታ ላይ ሞክራችሁ «ይሠራል» ብላችሁ እንዳትሸወዱ።

ፓይተን ላይም ወጥመድ አለ። «ኢዝ ዲጂት» የሚባለው ፈንክሽን ፩ን አሃዝ ነው ይላችኋል። አምናችሁት ወደ ኢንቲጀር (ሙሉ ቁጥር) ልትቀይሩ ስትሞክሩ ግን ስህተት ይወረውራል። «ኢዝ ዴሲማል» የሚባለውን ተጠቀሙ፤ እሱ ፩ን አይቀበልም፣ ኮዳችሁም አይወድቅም።

5. ክፍት ቦታና የማይታዩ ነገሮች

«ገብረ ማርያም»፣ «ገብረማርያም»፣ «ገብረ፡ማርያም»። ለእኛ አንድ ናቸው። ለኮምፒውተሩ በመጀመሪያው ውስጥ 32፣ በሦስተኛው ውስጥ 4961 አለ። ስለዚህ «ገብረ ማርያም» ከ«ገብረሕይወት» በላይ ይወጣል፣ «ገብረማርያም» ደግሞ በታች ይቀራል። ከቁልፉ ውስጥ ክፍት ቦታንም ሁለት ነጥብንም ብታወጡ ይስተካከላል።

ግን ይህ ሕግ በጭፍን የሚሠራ አይደለም። ስምና የአባት ስም በአንድ ላይ የተጻፈበት ዝርዝር ላይ ክፍት ቦታውን ብታወጡ አዲስ ችግር ትፈጥራላችሁ። አባታቸው በ«ለ» የሚጀምር አበበዎች ከ«አበበች» በላይ ይሆናሉ። አባታቸው በ«ወ» የሚጀምሩት ግን ከ«አበበች» በታች ይወድቃሉ፤ ምክንያቱም «ች» 4733፣ «ወ» 4808 ነው። አበበዎቹ ለሁለት ተከፈሉ ማለት ነው። ትክክለኛው መንገድ ስምን በአንድ ዓምድ፣ የአባት ስምን በሌላ ማስቀመጥ ነው። ከዚያ በየዓምዱ ውስጥ ክፍት ቦታ ይወጣል፣ ንጽጽሩም ዓምድ በዓምድ ይሆናል።

እንደ «ገ/ማርያም» ያለውን አሳጥሮ የተጻፈ ስም ወደ ሙሉው መመለስ ያጓጓል። «ገ/» ብዙ ጊዜ ገብረ ነው። «ወ/» ግን ወልደም ሊሆን ይችላል፣ ወለተም። እኔ አልገምትም። በኮድ ከመገመት ዳታውን ያስገባውን ሰው መጠየቅ ይሻላል።

ጫፍና ጫፍ ላይ ያለ ክፍት ቦታን ግን ሁልጊዜ አጽዱ። ከድረ ገጽ የተቀዳ ጽሑፍ ውስጥ ቁጥሩ 160 የሆነ የማይሰበር ክፍት ቦታ ይኖራል፤ በዓይን ከተራው አይለይም። ከሁሉም የሚያናድደው ግን ፋይል መጀመሪያ ላይ የሚደበቀው ምልክት ነው። ቁጥሩ 65279 ነው፣ ከፊደላችን ሁሉ ይበልጣል። ፋይሉ ስታነቡት ከመጀመሪያው መስመር ጋር ይጣበቃል። ውጤቱ? የመጀመሪያው ሰው ሳይታሰብ ከሁሉም በታች ይወርዳል። ሊስታችሁ መጨረሻ ላይ «አ» ካያችሁ መጀመሪያ ይህን ጠርጥሩ።

ላቲን ፊደል ለሚገጥማችሁ፦ ሁሉንም ወደ ትንሽ ፊደል ቀይሩ። ጭረት የተደረገባቸው የፈረንሳይኛ ዓይነት ፊደሎች ካሉ ደግሞ በዩኒኮድ «ኤን ኤፍ ሲ» ወደሚባለው ቅርጽ አስገቧቸው። አንዱ ፊደል በአንድ ቁጥርም፣ በሁለት ቁጥር ተጣምሮም ሊጻፍ ስለሚችል ነው።

አሁን ቁርጥራጮቹ ሲገጣጠሙ፦

    ፈንክሽን ቁልፍ(ጽሑፍ)
      ጽ = ጫፎቹን_አጽዳ(ጽሑፍ)
      ጽ = አንድ_አድርግ(ጽ)
      ጽ = ቁጥሮችን_አስረዝም(ጽ)
      ጽ = ክፍት_ቦታና_ሁለት_ነጥብ_አውጣ(ጽ)
      መልስ (ጽ፣ ጽሑፍ)

ቁጥሮቹ የሚረዝሙት ክፍት ቦታው ከመውጣቱ በፊት ነው። ቢገለበጥ «5 10» የሚለው 510 ይሆንባችኋል። የሚመለሰው ጥንድ መሆኑንም አስተውሉ። ሁለተኛው ዋናው ጽሑፍ ነው፤ ያቺ የመጨረሻዋ የሕጋችን መስመር እሷ ናት።

6. ፊደል የማይገዛቸው ቃላት

«ዝቅተኛ»፣ «መካከለኛ»፣ «ከፍተኛ»። በፊደል ሶርት ስታደርጓቸው መካከለኛ፣ ከፍተኛ፣ ዝቅተኛ ሆነው ይመጣሉ። የሳምንቱ ቀኖችም እንዲሁ ይተረማመሳሉ። እዚህ ፊደል ምንም አይጠቅምም። የደረጃ ሰንጠረዥ ሥሩ፦ ዝቅተኛ 1፣ መካከለኛ 2፣ ከፍተኛ 3። ቁልፉ ያ ቁጥር ነው።

ሰንጠረዡ ውስጥ የሌለ ቃል ሲመጣስ? ይመጣል፤ አንድ ሰው «ከፍተኘ» ብሎ መጻፉ አይቀርም። ፕሮግራሙ እንዳይወድቅ 99 ስጡትና ወደ መጨረሻ ይሂድ። ግን ዝም ብላችሁ አትለፉት፤ የትኛው ቃል እንደሆነ አሳትሙት።

ፊደሉን ራሱን በሌላ ተራ ማስኬድ ለሚፈልግም መንገዱ ይኸው ነው። በ«አ በ ገ ደ ሀ ወ ዘ» ተራ መደርደር ከፈለጋችሁ ለእያንዳንዱ ፊደል ደረጃ ስጡት፣ የቃሉ ቁልፍ የደረጃዎቹ ሊስት ይሁን። «ቨ»ም እንዲሁ ነው። ዩኒኮድ «በ»ን ተከትሎ አስቀምጦታል፤ ብዙ የፊደል ገበታ ግን መጨረሻ ላይ ነው የሚያደርገው።

7. ከአንድ በላይ መስፈርት

ዓመቱ አዲሱ ይቅደም፣ በዚያው ዓመት ውስጥ ርዕሱ በፊደል ተራ ይሁን እንበል። ለቁጥር ቀላል ነው፤ ዓመቱን በኔጌቲቭ አድርጋችሁ ከርዕሱ ጋር ታጣምሩታላችሁ። ጽሑፍን ግን ኔጌቲቭ ማድረግ አይቻልም። ርዕሱ ከ«ፐ» ወደ «ሀ» ይውረድ ብትባሉስ?

እዚህ ጋ የተረጋጋ ሶርት የሚባለው ነገር ያድናችኋል። ሶርት የተረጋጋ ነው የሚባለው እኩል የሆኑ ነገሮችን የቀድሞ ተራቸውን ሳያዛባ ሲያስቀምጥ ነው። እንዲህ ከሆነ ሁለት ጊዜ ሶርት ማድረግ ይቻላል። ብልሃቱ ከትንሹ መስፈርት ወደ ዋናው መሄድ ነው። መጀመሪያ በርዕስ ወደ ኋላ፣ ቀጥሎ በዓመት። ለጀማሪ የተገለበጠ ይመስላል። የመጨረሻው ሶርት ነው ዋናውን ተራ የሚወስነው፤ የፊተኛው እኩል በሆኑት መሐል ብቻ ነው የሚተርፈው።

ፓይተን መረጋጋቱን ዋስትና ይሰጣል። የጃቫ የኦብጀክት ሶርትም እንዲሁ። ጃቫስክሪፕት በደንቡ ውስጥ ግዴታ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። የሲ ቋንቋ «ኪው ሶርት» ዋስትና የለውም። ሲ ፕላስ ፕላስና ጎ ሁለት ሁለት አላቸው፦ ተራው አይረጋጋም፣ የተረጋጋው በስሙ ተለይቶ ይጠራል።

8. ማወዳደሪያ የግድ ሲሆን

አንዳንድ ቋንቋ ቁልፍ አይቀበልም፤ ያን ጊዜ ማወዳደሪያ መጻፍ የግድ ነው። ፈንክሽኑ ሁለት ነገር ይቀበላል። የፊተኛው ይቅደም ካለ ኔጌቲቭ፣ እኩል ናቸው ካለ ዜሮ፣ የኋለኛው ይቅደም ካለ ፖዘቲቭ ይመልሳል።

    ፈንክሽን አወዳድር(አንድ፣ ሁለት)
      ደረጃቸው ከተለያየ፦ የደረጃውን ንጽጽር መልስ
      ቁልፋቸው ከተለያየ፦ የቁልፉን ንጽጽር መልስ
      የዋናውን ጽሑፍ ንጽጽር መልስ

ጃቫስክሪፕት ላይ በጣም የተለመደው ስህተት «አንድ ከሁለት ይበልጣል?» የሚለውን እውነት ወይም ሐሰት ቀጥታ መመለስ ነው። እውነት 1 ይሆናል፣ ሐሰት 0። ኔጌቲቭ መቼም አይመጣም። ስለዚህ «ይቀድማል» እና «እኩል ነው» አንድ ሆነው ይታያሉ። መጥፎው ነገር አንዳንዴ ትክክል መሥራቱ ነው። ሌላው ደግሞ በሲና በጃቫ ሁለት ቁጥሮችን ቀንሶ ልዩነቱን መመለስ ነው። በጣም ትልልቅ ቁጥሮች ላይ ከኢንቲጀሩ ወሰን ያልፍና ምልክቱ ይገለበጣል።

ከሁሉም የከፋው ግን ሕጉ ራሱ እርስ በርሱ ሲጣረስ ነው። ይህን ሕግ ተመልከቱ፦ «ሁለቱም ቁጥር ከሆኑ እንደ ቁጥር አወዳድር፤ ካልሆነ እንደ ጽሑፍ።» ምን ችግር አለው? ደህና ይመስላል። አሁን 9ን፣ 10ን እና «1ሀ»ን ስጡት። 9 ከ10 ይቀድማል፤ ሁለቱም ቁጥር ናቸውና። 10 ከ«1ሀ» ይቀድማል፤ እንደ ጽሑፍ 0 ከ«ሀ» ያንሳልና። «1ሀ» ደግሞ ከ9 ይቀድማል፤ እንደ ጽሑፍ 1 ከ9 ያንሳልና። ዞሮ ዞሮ እዚያው! የሚቀድም የለም።

እንዲህ ያለ ሕግ ሲሰጠው ሶርቱ የሚያወጣው ተራ ሊስቱ መጀመሪያ እንደነበረበት ሁኔታ ይለያያል። ሲ ፕላስ ፕላስ ላይ ፕሮግራሙ ሊወድቅም ይችላል። ጃቫ ከ7ኛው ስሪት ጀምሮ የሚጠቀመው ቲምሶርት፣ ቲም ፒተርስ እ.ኤ.አ. በ2002 ለፓይተን የጻፈው፣ አንዳንዴ ይነቃና «ማወዳደሪያው ውሉን ጥሷል» የሚል ስህተት ይወረውራል። አንዳንዴ ነው ያልኩት። በአሥር መስመር መሞከሪያ ላይ ዝም ብሎ፣ እውነተኛው ዳታ ላይ ሌሊት የሚጮኽ ዓይነት ነው።

9. የተዘጋጀ ነገርስ የለም?

አለ። ዩኒኮድ ራሱ የሶርት ደንብ አውጥቷል፤ «አይሲዩ» የሚባለው ላይብረሪ በተግባር ያውለዋል። ጃቫስክሪፕት ላይ «ኢንትል ኮሌተር» በሚል ስም ታገኙታላችሁ፤ «ኒውሜሪክ» የሚለውን አማራጭ ብታበሩ የቁጥሩን ጣጣ ራሱ ይጨርሰዋል። ለላቲን ፊደል ቋንቋዎች ከእሱ ሌላ አልመክርም። ባለ ሁለት ነጥቡ ኦ በስዊድንኛ ከዜድ በኋላ፣ በጀርመንኛ መዝገበ ቃላት ግን ከተራው ኦ ጋር እንደሚሄድ ማን ያስታውሳል?

ለአማርኛ ግን የእኛን ችግር አይፈታውም። በደንቡ «ሀ» እና «ሐ» የተለያዩ ፊደሎች ናቸው። ስለዚህ ሞክሼዎቹን አንድ የሚያደርገውን ቁልፍ መጀመሪያ ራሳችሁ አስልታችሁ፣ ከዚያ ለእሱ ስጡት።

10. መሞከር

ትንሽ ግን ክፉ ዝርዝር ያዙ። ባዶ ስትሪንግ፣ ክፍት ቦታ ብቻ ያለበት፣ ሦስቱ ኃይሉዎች፣ «ምዕራፍ 2» እና «ምዕራፍ 10»፣ ፪፻፣ ጫፉ ላይ ክፍት ቦታ ያለበት ስም ይኑሩበት። ይህን ዝርዝር መቶ ጊዜ በዘፈቀደ እየበወዛችሁ ሶርት አድርጉት። መቶ ጊዜም አንድ ዓይነት ውጤት መምጣት አለበት። አንዴ እንኳ ከተለየ፣ ወይ እኩል የሆኑትን የሚለይ ሕግ የላችሁም፣ ወይ ማወዳደሪያው ተጣርሷል። ማወዳደሪያ ከጻፋችሁ ደግሞ ሁሉንም ጥንድ ገልብጣችሁ ሞክሩ፤ መልሱ ምልክቱን መገልበጥ አለበት። ሦስት ሦስቱንም እንዲሁ፤ እንደ 9፣ 10 እና «1ሀ» የሚዞር ካለ እዚያ ይያዛል።

ዝርዝሩ ትልቅ ከሆነና ዳታቤዝ ውስጥ ካለ ቁልፉን በየጊዜው አታስሉት። በራሱ ዓምድ አስቀምጡትና ኢንዴክስ (ዳታቤዙ ቶሎ የሚያገኝበት ማውጫ) አድርጉለት። ስሙ ሲቀየር ቁልፉም አብሮ እንዲቀየር አድርጉ።

ያ ዓምድ ለፍለጋም ያገለግላል። የስም ዝርዝሩን ካስተካከልኩ በኋላ ኃይሉ ቦታውን ያዘ፤ መዝጋቢዋ ግን ደግማ ደወለች። መፈለጊያው ሳጥን ውስጥ «ሀይሉ» ብላ ስትጽፍ አሁንም «ኃይሉ» አይመጣላትም። ሶርቱ ቁልፉን ይጠቀማል፣ ፍለጋው ዋናውን ጽሑፍ። የተጻፈውንም ቃል በዚያው የቁልፍ ፈንክሽን አሳልፌ ከቁልፉ ዓምድ ጋር አወዳደርኩት። ሦስቱም ኃይሉዎች ወጡ፤ ከእነሱ መሐል ሁለቱ አንድ ሰው ነበሩ።